የሸሸር ካሳ
(ግልጽ ደብዳቤ)

ለአማራ ክልል አካባቢና ደን ጥበቃ ባለሥልጣን
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ለኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ፣ ለጣና ሐይቅና ሌሎች የውሃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲ፣ ለደቡብ ጎንደር ዞን አስተዳደር፣ ለፎገራ ወረዳ አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በፎገራ ሜዳ በመሠረተ ልማት ምክንያት ለሚጠፋ ረግረግ አስቀድሞ ማካካሻ ስለማዘጋጀት

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በወረታ ዙሪያ መንገድ ሊሰፋ ወይም መጋዘን ሊገነባ ሲታሰብ፣ ከዶዘሩ በፊት ገማች ኮሚቴ ይመጣል። ሜትሩን ዘርግቶ ማሳውን ይለካል፣ የባሕር ዛፉን ግንድ አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ የቤቱን ቆርቆሮ ይመዘግባል፣ ባለይዞታውን አስፈርሞ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነው የአንድ ዓመት ገቢው በ15 ተባዝቶ ይታሰብለታል። በቀድሞው አዋጅ፣ በ455/1997፣ ማባዣው 10 ነበር። ግምቱ ያንሳል፣ ክፍያው ይዘገያል የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋልና እዚህ አልገባበትም። ሕጉ የወል መሬትንም አልዘነጋም፤ በግጦሹና በሣሩ ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ያጡትን ጥቅም አስልቶ ይክሳል።

ሆኖም በኮሚቴው ቅጽ ላይ ቦታ ያልተዘጋጀለት ነገር አለ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ውሃ የሚተኛበት ጨፌ፣ ተጠቃሚዎቹ ቢካሱም፣ እሱ ራሱ በሌላ ጨፌ አይተካም። አምባዛ ከወንዝ ወጥታ የምትራባበት ጥልቀት የሌለው ውሃ፣ የርብና የጉማራ ደለል ጣና ሳይደርስ የሚረግፍበት ሜዳ፣ ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡት፣ ክሬን የሚባሉት ወፎች በጋውን የሚያሳልፉበት ዳር፣ አንዳቸውም በግምቱ ውስጥ የሉም። ብሩ ለሰው ደርሷል፤ ውሃው ግን ምትክ ማደሪያ አላገኘም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ቀጣዩ የመንግሥት ፕሮጀክት በፎገራ ሜዳ ላይ አፈር ከመንካቱ በፊት፣ የተጎዳ ረግረግ ታድሶ፣ ተለክቶና በመዝገብ ተይዞ የሚጠብቅበት የማካካሻ ባንክ ይቋቋም። ቦታውም የራቀ አይደለም፤ ሸሸር ነው።

ስለ ሸሸር ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋልና ልንገረው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ጣና ከመግባታቸው በፊት ሜዳው ላይ ይዘረጋሉ። ክረምት ሲበረታ ከቦያቸው ይወጣሉ፤ የወጣው ውሃ ዝቅ ባለው ሥፍራ ተኝቶ እስከ በጋ ይቆያል። ከእነዚህ ሥፍራዎች ስማቸው የታወቀው ሸሸርና ዌላላ ናቸው። በታተመ ጥናት እንደተለካው በ1979 ዓ.ም. ገደማ ሸሸር 1557 ሄክታር፣ ዌላላ 298 ሄክታር ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሸሸር 136፣ ዌላላ 159 ሄክታር ሆነው ተገኙ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ከሸሸር 1421 ሄክታር ሄደ ማለት ነው። ዩኔስኮ ጣናን በሰኔ 2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግበው ዋናው ጥፋት ከደረሰ ቆይቷል።

ጥፋቱን በሙሉ በመንገድና በግድብ ላይ ላላክክ አልፈልግም። ሸሸርን በዋናነት ያደረቀው የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ጥቅምት ላይ ቱቦው ይዘረጋል፣ ውሃው ይሳባል፣ ከሥሩ የወጣው ጥቁር አፈር ለሽንኩርትና ለጓያ ይውላል። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በኩል የገባው ሩዝም ሜዳውን ለውጦታል። ቀድሞ ለከብት ብቻ ይተው የነበረ ረግረግ ዛሬ ማሳ ነው፤ የወረታ ሩዝ መፈልፈያዎችም ገለፈታቸውን ከየደጃቸው ከምረው ይህንኑ ይመሰክራሉ። ገበሬው የሠራው ግን ገበያ በደረሰበት መንገድ፣ ጎርፍ በታገደበት ዳር ነው። መንግሥት በመሠረተ ልማት በሩን ከፈተ፣ ገበሬው በሞተሩ ገባ። ስለዚህ የመንገዱና የግድቡ ባለቤቶች ከሂሳቡ ነፃ አይደሉም።

መሠረተ ልማቱ ረግረጉን እንዴት እንደሚጎዳ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ጉዳቱ የግንባታው ካርታ ከሚያሳየው በላይ ነውና። የፎገራ ሜዳ ተዳፋትነት ዓይን አይለየውም። ውሃው የሚሄደው ሰፍቶ፣ ሳስቶ፣ ቀስ እያለ ነው። በዚህ ላይ በሰሌክት አፈር ተሞልቶ ከፍ ያለ የመንገድ ጀርባ ሲያልፍ፣ ውሃው መሻገሪያ የሚያገኘው ካልቨርት በተቀበረበት ቦታ ብቻ ነው። በላይኛው ወገን ውሃው ተጠራቅሞ የሩዙን ቡቃያ ያሰጥማል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። በታችኛው ወገን ያለው ጨፌ ከወትሮው ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በካልቨርቱ አፍ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ፈሰስ ቆፍሮ ቀጥታ ወደ ወንዙ ይወርዳል። መንገዱ በካርታ ላይ የያዘው ጥቂት ሜትር ስፋት ነው። የውሃውን መንገድ የቀየረበት ስፋት ግን በኪሎ ሜትር ይለካል። የካሳ ኮሚቴው የሚለካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

በወንዞቹ ዳር የተሠራው የጎርፍ መከላከያ ዳይክም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ ያየ ሰው ዳይኩ ይፍረስ አይልም፤ እኔም አልልም። ግን ዳይኩ ወንዙን ከሜዳው ለያይቶታል። ቀድሞ ሜዳው ላይ ይረግፍ የነበረው ደለል አሁን እስከ ሐይቁ አፍ ይነዳል። ክረምት ላይ ወንዙን ለቃ ወደ ዌላላና ሸሸር ትወጣ የነበረችው አምባዛም ግንብ ይጠብቃታል። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ በመገጭ አፍ የታየው እንቦጭ በምሥራቁ ዳርቻ እንደዚያ የተስፋፋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከየእርሻው ተጠርጎ የሚገባ ለም ደለልና ማዳበሪያ ይመቸዋል። እንቦጩን በእጅ ለመንቀል በየዓመቱ ለሚወጣው ሕዝብና ገንዘብ መዝገብ አለን። ደለሉን በነፃ ያስቀር ለነበረው ረግረግ ግን መዝገብ የለንም።

የርብ ግድብም አለ። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የተነደፈው ይህ ግድብ ከታች ላለው ሜዳ የመስኖ ተስፋ ነው፤ ተስፋውን አልንቅም። ሆኖም ግድቡ የሚያስቀረው የክረምት ጎርፍ ያው ሸሸርን ይሞላ የነበረው ጎርፍ ነው። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ከአሥር የበለጡ የዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነሱም በርካቶቹ ክረምት ላይ ሽቅብ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መሰሎቻቸው እየወጡ በጠጠራማው ወለል ላይ ነው እንቁላል የሚጥሉት። ለግድብ የሚፈለገው አሸዋና ጠጠር፣ ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃ፣ ወንዙን የሚያቋርጠው ግንብ፣ ሁሉም የሚያርፉት በዚሁ ጉዞ ላይ ነው።

ገናም ይቀጥላል። ወረታ ደረቅ ወደብ አላት። በብሔራዊው የባቡር መስመር ዕቅድ ከወልድያ የሚመጣውና በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚዘልቀው መስመር የሚገናኙት ወረታ ላይ ነው። የመስኖ ቦይ ይዘረጋል፣ ከተማውም ወደ ሜዳው ይሰፋል። አንዱንም አልቃወምም፤ የወረታ ሰው ሥራ ይፈልጋል። የምቃወመው እያንዳንዱ ፕሮጀክት ለብቻው ሲታይ “ጉዳቱ አነስተኛ ነው” ተብሎ ማለፉን ነው። አሥር አነስተኛ ጉዳት ሸሸርን እንደሚጨርሰው ከላይ ያሉት ቁጥሮች ያሳያሉ።

ባንኩ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ራሱን የቻለ አካል የተጎዳ ረግረግ ይረከባል፤ የተቆረጠውን የውሃ መግቢያ ይከፍታል፣ የማድረቂያውን ቦይ ይዘጋል፣ ደንገሉና ፊላው እስኪመለሱ ይጠብቃል። ውሃው ስንት ወር እንደቆየ፣ ምን ዓይነት ዓሣና ወፍ እንደተመለሰ በገለልተኛ ባለሙያ ይለካል። የተረጋገጠው መሻሻል በክሬዲት ተሰልቶ በመዝገብ ይያዛል። በዚያው ተፋሰስ ውስጥ መንገድ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሊያስቀረው ላልቻለው ጉዳት ከዚያ መዝገብ ይገዛል፣ ገንዘቡም ቦታውን በዘላቂነት ለመጠበቅ ይውላል። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለድግስ ጠላ የሚጠነሰሰው እንግዳ ከመጠራቱ አስቀድሞ ነው፤ ረግረግም ታድሶ የሚቆየው ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት መሆን አለበት። “አፍርሰን እንተካለን” የሚል ቃል በፕሮጀክት መዝጊያ ሪፖርት ላይ እንጂ መሬት ላይ ሲገኝ አይታይም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካኖች ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ሞክረውታል፤ ከቀዳሚዎቹ ተጠቃሚዎች መካከልም የየግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። መንገድ ሠሪ በየኪሎ ሜትሩ ትንንሽ ኩሬ እየቆፈረ ከሚተው አንድ ሰፊ ረግረግ ላይ ቢያዋጣ ይሻላል ከሚል የመጣ ነው። እንግሊዝ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ትልልቅ ግንባታዎች የሚነኩትን የተፈጥሮ ሀብት ቢያንስ 10 በመቶ አሻሽለው እንዲተኩና ለ30 ዓመት እንዲጠብቁ በሕግ አስገድዳለች። መልካም ጎኑን ብቻ ብነግራችሁ ግን ሻጭ መምሰሌ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምገማ ይተካሉ ከተባሉት ረግረጎች ያልተሠሩ፣ ተሠርተውም የታሰበውን ያህል ያልሆኑ ብዙ እንደነበሩ አረጋግጧል። የማካካሻ ደንባቸውን በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያጠበቁትም ከዚያ በኋላ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ትምህርት ከዩጋንዳ የሚመጣው ነው። ዩጋንዳ በነጭ ዓባይ ላይ የቡጃጋሊን ግድብ ስትሠራ፣ ለሚጠፋው ፏፏቴና ለዳርቻው መኖሪያ ማካካሻ ይሆን ዘንድ የካላጋላን ፏፏቴና አካባቢውን ለመጠበቅ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ባንክ ጋር ተፈራረመች። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው በታች ኢሲምባ የሚባል ሌላ ግድብ መሥራት ጀመረች። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ሲጀምር የኢሲምባ ውሃ ለማካካሻ ከተከለለው ቦታ ከፊሉን አጥለቀለቀው። ማካካሻው ራሱ ማካካሻ አስፈለገው፤ ሌላ ስምምነት ተፈረመ። እንግዲህ ዓለም ባንክን የሚያህል አበዳሪ ቆሞ የፈረመው ውል እንዲህ ከሆነ፣ በወረዳ ደረጃ በቃለ ጉባኤ የሚያዝ ስምምነት ስንት ክረምት እንደሚቆይ መገመት አያቅትም።

ስለዚህ ባንኩ ከመቋቋሙ በፊት የማይነኩ ነገሮች በሕግ ይታሰሩ። የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፦ ከሸሸርና ከዌላላ የቀረው፣ በ2000 ዓ.ም. ልኬት 295 ሄክታር የሆነው፣ በምንም ክሬዲት የማይገዛ ይሁን። መንገዱ ይዙር፣ ቦዩ ይጠምዘዝ። ባንኩ የሚነግደው የጠፋውን መልሶ በማምጣት ብቻ እንጂ የቀረውን “እንጠብቅላችኋለን” በማለት መሆን የለበትም። አለዚያ ገና ያልነካነውን ላለመንካት ዋጋ መጠየቅ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የጉቦ ዘመድ ነው። ማካካሻው ከርብና ከጉማራ ተፋሰስ እንዳይወጣም እፈልጋለሁ። ፎገራ ላይ የጠፋ የአምባዛ መራቢያ ቾቄ ተራራ ላይ በተሠራ እርከን አይተካም፤ እርከኑ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን።

ችግኝም አይተካውም። ይህን ሳልለው ባልፍ ይሻለኝ ነበር፤ ምክንያቱም አረንጓዴ ዐሻራን የሚነካ ሰው ወዲያው የልማት ፀር ይባላል። እኔም ችግኝ እተክላለሁ። ግን “ለጠፋው ረግረግ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተክለናል” የሚል ሪፖርት ለጠፋ ላም በግ እንደማምጣት እንኳ አይደለም፤ ረግረጉ ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ የቀረውን ውሃ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ጨፌ ጨፌ የሆነው ዛፍ ስለሌለው ነው።

ሸሸር ላይ ሽንኩርት የሚተክለውን ሰው ምን እናድርገው? ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እንደማየው አብዛኞቹ ጥናቶች እዚህ ሲደርሱ “ግንዛቤ ይፈጠር” ብለው ያልፋሉ። ያ ሰው ግንዛቤ አልጎደለውም። ውሃው ሲደርቅ ምን እንደሚያገኝ፣ ውሃው ሲቆይ ምን እንደሚያጣ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ውሃው ሲሸሽ በሚገለጠው፣ ባሕር ሸሽ በሚባለው መሬት ላይ ያለው ክርክር መቼም የማያልቀው የዚያ አፈር ዋጋ ስለሚታወቅ ነው። ባንኩ ሊያሸንፍ የሚችለው ውሃ የሚያሳድርን ገበሬ አምራች አድርጎ ከቆጠረው ብቻ ነው። ሞተሩን ከጥር በፊት ለማያስነሣ ሰው በየዓመቱ ይከፈለው፤ ክፍያውም በዚያ ዓመት ከሽንኩርቱ ሊያገኝ ከሚችለው የሚያንስ አይሁን። ከውሃ የሚገኘውም ምርት ይጨመርለት፦ ድርቆሽ፣ ደንገል፣ ዓሣ፣ ወተት።

ወተት ያልኩት ለማሟያ አይደለም። የፎገራ ከብት በወተቷ የታወቀች፣ ውሃ በተኛበት ሣር ላይ መዋልን የለመደች ናት። እሷን ያሳነሳት ድቀላ ብቻ አይደለም፤ ግጦሿ ሩዝ ሆነ፣ እሷም ገለባ በልታ እንድትኖር ተፈረደባት። አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያዋን ለማቆየት ይደክማል። ነገር ግን ማዕከል ውስጥ የተጠበቀ ዝርያ ያለ ሜዳው ምን ሊሆን ነው? የታደሰው ሸሸር አጥር የታጠረበት የወፍ መናፈሻ ሳይሆን፣ ውሃው ከሸሸ በኋላ የአካባቢው ከብት በተራ የሚሰማራበት የወል ግጦሽ ቢሆን ጥበቃውን የሚሠራው ባለከብቱ ነው። ሰውን አስወጥቶ የሚጠበቅ ረግረግ እዚህ አገር አይዘልቅም፤ ቢዘልቅም እኔ አልደግፈውም።

ገንዘቡን በተመለከተ አዲስ ግብር አያስፈልግም። መንገድ ሲሠራ የወሰን ማስከበር በጀት አለ፤ ከግለሰብ ካሳው ቀጥሎ “የተነካ ረግረግ” የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ካስገደደ ወዲህ ባለፕሮጀክቱ ጉዳቱን እንዴት እንደሚያስወግድ ወይም እንደሚያቃልል መጻፍ ግዴታው ነው፤ የሚጽፈውን በሄክታርና በውሃ ወር ተምኖ እንዲጽፍ ማድረግ ለእናንተ የመመሪያ ሥራ ነው። ገንዘቡ ግን የወረዳው ካዝና አይግባ። ወረዳውን ስለማላምነው አይደለም፤ ደመወዝ ሲጎድል ማንኛውም ካዝና እንደሚደፈር ስለማውቅ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ የሆነውን ላየ ሰው፣ ለ30 ዓመት ጥበቃ ዛሬ ተከፍሎ የተቀመጠ ብር እንደሚሟሽሽ አይሰወረውም፤ ስለዚህ ገንዘቡ የሚሠራ እንጂ የሚተኛ መሆን የለበትም። ልኬቱን ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና ለባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ብትሰጡት ሙያው እዚሁ አለ።

“እንዲህ ከሆነ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከፍሎ ያፈርሳል” የሚለውን ሥጋት ብዙ ሰው ያነሣል፤ ትክክለኛ ሥጋት ነው። ዛሬ ግን ሳይከፈልም ይፈርሳል። ልዩነቱን የምታመጡት እናንተ ናችሁ፦ ባለፕሮጀክቱ መጀመሪያ ማዞር እንደማይችል፣ ቀጥሎ ማሳነስ እንደማይችል በማስረጃ ካላሳየ ክሬዲት እንዳይሸጥለት ማድረግ። ፈቃዱ በእጃችሁ ነው። ባለሙያዎቻችሁ “አይቻልም” ብለው በጻፉበት ቀን ከበላይ ስልክ ቢደወልም ጽሑፉ እንዳይለወጥ ማድረግም የእናንተው ነው።

ክልሉ ያለበት ሁኔታ ባለሙያ እንደልቡ ሜዳ የሚወጣበት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልጠይቅም። በቅድሚያ የምለምነው ልኬት ነው። የፎገራ ውሃ ጠርዝ የሚታወቀው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው፤ በጋ ላይ የሚመጣ ቀያሽ የሚያገኘው ማሳ ብቻ ነው፣ “ረግረግ የለም” ብሎም ይመለሳል። በመጪው ክረምት ማብቂያ የሸሸርንና የዌላላን ጠርዝ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር በእግር ዞረው ችካል የሚተክሉ ባለሙያዎች ላኩልን። የተለካው ካርታ በወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ፣ አንድ ቅጂው ደግሞ ለመንገዶች አስተዳደር የዲዛይን ክፍል እንዲደርስ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወረታ ነዋሪ